«ሃይማኖት» በሚለው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ?

የሰፈሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው እሑድ የዕድራችን ጸሐፊ የአባላት መዝገብ ሊታደስ ነው ብሎ ፎርም አደለን። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሃይማኖት፣ የቀብር ቦታ። አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ያደግኩት በጣም ጥብቅ በሆነ ቤተ እምነት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ክርክሩ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ዘፈን ኃጢአት ነበር፣ ሲኒማ ኃጢአት ነበር፣ «ከውጭ» ሰው ማግባትማ አይነሣም። የወጣ ሰው ሰላም አይባልም። እኔ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አምና ታላቅ ወንድሜ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወረደ። ሒሳቡን ግን ለሁለታችንም ከፍሎ ነበር፤ ረዳቱ ነው የነገረኝ።

እንደወጣሁ «ሌላ ቤተ ክርስቲያን እፈልጋለሁ» አልኩ። ቀጥሎ «ፈጣሪ የለም» አልኩና ያገኘሁትን ሁሉ ስሞግት ከረምኩ። አሁን ራሴን ሳልዋሽ የምለው «አላውቅም» ብቻ ነው። አግኖስቲክ የሚሉት መሆኑ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ «አላውቅም» አቋም ነው ወይስ ፈሪ የሚደበቅበት ጥግ?

ደረቅ ሐቅ፦
ጥግ ነው፣ አትቀየመኝ። ቡዳ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅህ «አላውቅም» ትላለህ? ጎረቤትህ ዛር አለባት ቢሉህ «ማስረጃው ገና ነው፣ ገለልተኛ ነኝ» ትላለህ? አትልም። «ተረት ነው» ብለህ ቡናህን ትጠጣለህ። ታዲያ ያሳደጉህ ሰዎች የነገሩህ አምላክ ላይ ስትደርስ ሚዛኑን ለምን ትቀይራለህ? እግርህ ወጥቷል፣ ፍርሃቱ ግን አልወጣልህም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ደረቅ ሐቅ፣ እስቲ ማታ መብራት ሲጠፋ ብቻህን ሆነህ «ቡዳ የለም» ስትል በድምፅ ቅዳልን።

ጽኑ፦
ቃሉ ግልጽ ነው። በራድም ትኩስም ያልሆነ ለብ ያለ ከአፍ ይተፋል፤ ራእይ 3፥16። አምናለሁም አላምንምም ማለት በሁለት ቢላ መብላት ነው። ወንድሜ፣ ተመለስ።

ዲያቆን ነኝ አላልኩም፦
ጽኑ ወንድሜ፣ የሚቀጥለውንም ቁጥር አንብብልን እንጂ። ያ ቃል የተላከው ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ «ሀብታም ነኝ፣ ምንም አያስፈልገኝም» ትል ለነበረችው። የጠገበ ሰው ነው ለብ ያለ የተባለው። ይሄ ልጅ እኮ ርቦኛል እያለን ነው። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮህ ማን ተፋው? ልጁ ተፈወሰለት። ቤተ ክርስቲያናችንም ዳግም ትንሣኤን የምታከብረው ቶማስን እያሰበች ነው። ያልዳሰስኩትን አላምንም ያለው ሐዋርያ አንድ እሑድ ተሰጥቶታል፤ ከስም ዝርዝሩ አልተፋቀም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የሰፈሩ ልጅ። ትንሽ ልጎርብጥህ ነው። ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ ትላለህ፤ ትርጉሙን ግን ይዘኸው ወጥተሃል። እዚያ ቤት «ማመን» ማለት «እርግጠኛ መሆን» ነበር፣ አይደል? ቅንጣት ጥርጣሬ ያለበት ሰው አማኝ አይባልም ነበር። ዛሬም እርግጠኛ ስላልሆንክ «አማኝ አይደለሁም» ትላለህ። ፈተናውን ያወጣው ያው የጥንቱ መምህርህ ነው፤ አንተ የቀየርከው መልስህን ብቻ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦
ይሄ ገብቶኛል፤ እውነት ለመናገር ሁለት ቀን መልስ ሳልጽፍ የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው። ፍርሃቱም አልወጣልህም ለተባልኩት፣ ልክ ነው፣ አልወጣም። መብረቅ ሲጮህ ዛሬም «ቢሆንስ?» እላለሁ። ግን ደረቅ ሐቅ፣ የምፈራ መሆኔ መልሴን ሐሰት አያደርገውም። «የለም» ስል በከረምኩበት ጊዜም እፈራ ነበር፤ ያኔ ግን ጮክ ብዬ ስለምናገር አይሰማኝም ነበር።

አንድ ነገር ላስተካክል። ሁለት ጥያቄ አለ፤ እየቀላቀልን ነው። «ታውቃለህ?» አንድ፣ «ታምናለህ?» ሁለት። «አግኖስቲክ» የሚለውን ቃል በ1869 እንደ አውሮፓውያን የፈጠረው ቶማስ ሀክስሊ፣ የዳርዊን ጠበቃ የነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ መሐል ሜዳ ላይ ለመቆም አልነበረም ያወጣው። ያላረጋገጥከውን እንዳረጋገጥክ አድርገህ አታውራ ነው ያለው። በዚህ ከሄድን «አላውቅም፣ ግን አምናለሁ» የሚልም አለ፣ «አላውቅም፣ ስለዚህም አላምንም» የሚልም አለ። ሁለቱም ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

የደሴዋ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አያቴ ደግሞ ክርስቲያን ነበሩ። የወሎ ሰው ይሄን ሲሰማ አይደነግጥም። በቁርኣን ሱራ አል-በቀራ 260 ላይ ነቢዩ ኢብራሂም ሙታንን እንዴት እንደምታስነሣ አሳየኝ ብለው ጌታቸውን ይጠይቃሉ። «አላመንክምን?» ሲባሉ «አምኛለሁ፤ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው» አሉ። የነቢያት አባት ልቤ ይርጋ ብሎ ከጠየቀ የሰፈራችን ልጅ ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? ታላቁ የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊስ በ1095 ገደማ እንደ አውሮፓውያን የባግዳድን ትልቁን የማስተማር ወንበር ትተው የሄዱት ከውስጣቸው ጋር ተጣልተው አይደል?

የማልስማማበትን ግን ልንገርህ። እሳቸው ጥያቄውን ያነሡት ለጌታቸው ነው። አንተ ለማን ነው የምታነሣው? ለእኛ? እኛማ እርስ በርሳችንም አልተስማማን።

ደረቅ ሐቅ፦
ለራሱ ያንሣ! የኛው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ በ17ኛው መቶ ዘመን ዋሻ ገብቶ በገዛ አእምሮው አይደል የመረመረው? ሁሉም «የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ይላል፣ ታዲያ ማን ይፍረድ ብሎ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ አለን። ሀክስሊ ድረስ መሄድ አያሻም።

ዲያቆን ነኝ አላልኩም፦
«ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉን ስታነብ ዋሻ ሲገባ በእጁ ምን እንደነበር አላየህም ማለት ነው። መዝሙረ ዳዊት ነው። ሁለት ዓመት እየጸለየ ነው የመረመረው። ጾምንም ምንኩስናንም ተችቷል፣ እውነት ነው፤ ፈጣሪን ግን በአእምሮዬ አገኘሁት ነው ያለው። ለእናንተ ጎራ አትመዝግቡት።

ደግሞም የደራሲው ማንነት ራሱ መቶ ዓመት ያወዛገበ ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እንደ አውሮፓውያን «መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው» አለ፤ ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራከረ። እስከ ዛሬ አልበረደም።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ስለ ጥርጣሬ የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ አጠራጣሪ ሆነብን በሉኛ።

ሜሪላንድ፦
እኔ ፍልስፍናውን ለእናንተ ልተወው። ቤተ ክርስቲያን ትቼ አሥር ዓመት ሆኖኛል፤ ባለቤቴም እንደኔው ነው። ልጃችን ስትወለድ ግን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሣናት። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየች አለቀሰች። እዚህ አገር ልጄ አማርኛ የምትሰማው፣ ነጭ ለብሳ እልል ሲባል የምታየው፣ «እትዬ» እና «ጋሼ» ማለት የምትማረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። አምኜበት ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። አጭበርብሬያለሁ ወይ ብትሉኝ፣ እሱንም አላውቅም።

ደረቅ ሐቅ፦
እህቴ፣ አጭበርብረሻል። ካህኑ ክፉውን መንፈስ ትክዳለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የክርስትና እናቷ ስለ ልጅሽ መለሱ፤ አንቺ ደግሞ በማታምኚበት ቃል አስፈረምሻት።

ሜሪላንድ፦
አንተ ልጅ አለህ?

ደረቅ ሐቅ፦
የለኝም።

ሜሪላንድ፦
እሺ።

ጋሽ ተራማጅ፦
ልጆች፣ እኔ በዕድሜ እበልጣችኋለሁ መሰለኝና ትንሽ ላውራ። በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌ ወጣት ነበርሁ። በውይይት ክበብ «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» እያልሁ አስተምር ነበር፤ በደንብ ነበር የማስተምረው፣ ጭብጨባም ነበረው። ቤት ስገባ እናቴ ሥዕለ አድኅኖዋን ከቁም ሣጥን ኋላ ትከትታለች። እኔን ፈርታ! ከገዛ ልጇ! በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። እኔ ያን ጊዜ ሐዘን አልተሰማኝም፤ ታሪክ ወደፊት እየተራመደ ነበር፣ እርግጠኛ ነበርሁ።

ጥብቅ ሃይማኖት ያላችሁትን እኔ አምላክ በሌለበት ኖሬዋለሁ። መጽሐፉም ነበር፣ መናፍቁም ነበር፣ የሚወገዘውም ነበር። ስለዚህ ልጄ ደረቅ ሐቅ፣ «የለም» ስትል ምክንያትህን እሰማለሁ፤ አነጋገርህ ግን አንድ የማውቀውን ወጣት ያስታውሰኛል።

አሁን ስለ ፎርሙ። እኔ የዕድር ዳኛ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ያቺ «ሃይማኖት» የምትል መስመር ምን ልታደርግ እንደገባች ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት ጸሐፊው ሌሊት ስልክ ማንሣት አለበት። ቄስ ነው የሚጠራው? ሼህ ነው? ፓስተር ነው? ሙስሊም ከሆነ በዚያው ቀን መቀበር አለበት፤ ድንኳኑ ቶሎ መውጣት አለበት። ኦርቶዶክስ ከሆነ ፍትሐቱ በየትኛው ደብር ነው? ወጥ ቤቶቹ ምን ይሠራሉ? ጾም ነው አይደለም? ይሄን ነው የሚጠይቀው። ስለ ፈጣሪ መኖር የዕድር ጸሐፊ ጠይቆ አያውቅም። እናቶቻችን ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚሉት ለዚህ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። (አያችሁ፣ አፌ ገና አልተለወጠም።) ግን እርስዎ ያሉት ነገሩን አከበደው እንጂ አላቀለለውም። ማንን ይጥሩልኝ? የድሮዎቹ አይመጡም። ሌላ ደብር ያልተጠመቀ ሰው አይፈታም። ለሐሳቤማ ሕጉ ቦታ አለው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን ሃይማኖት ወይም እምነት መያዝ ይችላል፣ አይገደድም ይላል። መጋባትም ብል በክብር መዝገብ ሹም ፊት እጋባለሁ፤ የቤተሰብ ሕጉ ይፈቅዳል። ለሬሳዬ ግን ያየሁት መሬት ሁሉ አጥሩ ላይ መስቀል ወይ ጨረቃ አለበት፤ የቀረው ማዘጋጃ ቤት ዘመድ የሌለውን የሚቀብርበት ነው።

የደሴዋ፦
እሱ እውነት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነበር። ሦስቱ ብቻ 96 ይሞላሉ። አንተ በቀረችው አራት ውስጥ እንኳ መኖርህን እንጃ። ምናልባት ፎርም የሞላው አባትህ ከ18.6ቱ ውስጥ ቆጥሮህ ይሆናል።

ጽኑ፦
ወንድሜ፣ ቀደም ብዬ የጻፍኩት ከረር ብሎ ከሆነ ይቅርታ። አቋሜን አልለወጥኩም። ግን የኔም አጎት እንዳንተ ወጥቶ ነበር፤ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆምንም፣ ተከልክለን። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገር ለሰው ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ዲያቆን ነኝ አላልኩም፦
ጽኑ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለ ስምህ አልቀልድም።

ደረቅ ሐቅ፦
ጽኑ፣ አዝናለሁ፤ በእውነት። ጋሽ ተራማጅ፣ ያሉኝንም ሰምቻለሁ። በሐሳቡ አልተረታሁም፤ ቡዳውን ማንም አልመለሰልኝም። ድምፄን ግን ልብ እላለሁ።

ዲያቆን ነኝ አላልኩም፦
ኋላ «አልመለሳችሁልኝም» እንዳትለኝ ቡዳህን ልመልስልህ። ቡዳ ቢኖር ዓለም ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ነው፤ ፈልገህ ታጣዋለህ፣ «የለም» ትላለህ። እኛ ስለ ፈጣሪ ስንናገር ፍለጋው ራሱ፣ ፈላጊውም፣ ዓለሙም ለምን ኖረ ማለታችን ነው። አላሳመንኩህ ይሆናል፤ ግን ሁለቱን በአንድ ቁና አትስፈር።

የሰፈሩ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ፎርሙን ይዤ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ሃይማኖት በሚለው ላይ «አላውቅም» ብዬ ጽፌ ነበር። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበና «የቀብር ቦታውንም አታውቀውም?» አለኝ። እሱን ባዶ ነበር የተውኩት። «እሺ፣ ይሄን ዳኞቹ ይነጋገሩበታል፤ አንተ ወርኃዊህን እንዳታቋርጥ» ብሎ ማኅተሙን መታበት።

ልወጣ ስል ስለ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እሱም የዚሁ ዕድር አባል ነው። «እኔ ብሞትና ወንድሜ ቀብሬ ላይ አልወጣም ቢልስ?» አልኩት።

«ማንም ይሁን ማን አባል ቀብር ካልወጣ ይቀጣል» አለኝ።

«ቅጣቱ ስንት ነው?»

«መቶ ብር።»