ሞተሩ ሳይጠፋ አውሮፕላኗ ለምን ወደቀች? የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ

የሐይቅ ዳር እህት፦
ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ኬንያ ውስጥ የአብራሪነት ትምህርት ይማራል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሠለጠነው በባሕር ጠረፍ ነበር፤ ወደ ደጋው ከተዛወረ አንድ ወር አይሞላውም። ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 ይዞ ከአንድ የሣር ሜዳ ተነሣ። አሠልጣኙ ከጎኑ፣ ሌላ ተማሪ ከኋላ ነበሩ፤ ነዳጁም ሙሉ ነበር። ጎማዎቹ መሬት ለቀቁ፤ ነገር ግን አውሮፕላኗ የጎጆ ቁመት እንኳ ሳትወጣ ጥቂት ተንሳፍፋ ተመልሳ ወረደች፤ የሽቦ አጥር ጥሳም በአፍንጫዋ ተደፋች። ተመስገን፣ ሦስቱም በሕይወት ወጥተዋል። ወንድሜ ቅንድቡ ላይ አምስት ቦታ ተሰፍቷል፤ የአሠልጣኙ ክንድ ተሰብሯል።

ትምህርት ቤቱ «የተማሪው ስሕተት ነው» ብሎ ዘጋው። ወንድሜ ደግሞ በስልክ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይጮኽ ነበር፤ እርሷ ግን አልወጣም አለችኝ።» ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናታችን ለገብርኤል ተስላለች። ቡና እየቀዳች የአውሮፕላን ድምፅ ከሰማች ጀበናዋን አስቀምጣ ድምፁ እስኪርቅ ትጠብቃለች። «ይምጣልኝ፣ ይቅርበት» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

የአሞራ ገደል ልጅ፦
እግዚአብሔር ይማርላችሁ እህቴ። ወፍ ገብቶበት ይሆን? እኛ ዘንድ ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳዎቹ ሲነሡ ሳይ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የባሕር ዳሩ አደጋ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ያ ሁሉ ጥፋት በርግብ ነው።

የሐይቅ ዳር እህት፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ወፍ አልነበረም፤ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦
ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ከአውሮፕላን ሞተር ጋር ኖሬያለሁ። ቦታውን አላየሁትምና የመጨረሻውን ፍርድ አልሰጥም፤ የነገርሽን ግን በደንብ የማውቀው ነገር ነው። አየሩ ሳስቶባቸዋል።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ውኃ እኛ ቤት በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው፤ ባቄላው የሚዘገይብንም። ሜዳቸው የእኛን ያህል ከፍታ ላይ ነው እንበል። አብራሪዎች ለስሌት መነሻ የሚይዙት መደበኛ ሙቀት በዚያ ከፍታ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። እኩለ ቀን ላይ 28 ዲግሪ ከደረሰ፣ አየሩ ሳስቶ አውሮፕላኗ 2,600 ሜትር ላይ እንዳለች ሆና ነው የምትሠራው። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በዚያ ጊዜ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳል። ድምፁ ግን አይቀንስም! ወንድምሽን ያታለለው ይህ ነው።

ደግሞ የባሕር ጠረፍ ተማሪ ነው። እዚያ ለመነሣት የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ እስከ መጨረሻ ገፍቶ በነዳጅ ማወፈር ልማድ ነው፤ ደጋ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁን ካልቀነሱት ሞተሩን ያንቀዋል። መለኪያው ያንኑ ፍጥነት እያሳየው መሬቱ በመስኮት ከለመደው ይልቅ ይሮጥበታል፤ «ደርሻለሁ» ብሎ መሪውን ቀድሞ ይስባል። ክንፍ ለመሬት ሲቀርብ የአየሩ መጎተት ስለሚቀንስለት ያለጊዜውም ቢሆን ብድግ ይላል። ከዚያ በላይ ግን አቅም የለውም። መንሳፈፏ ይኸው ነው።

ጥፋቱን በተመለከተ፦ በሦስት ሰውና በሙሉ ነዳጅ፣ በቀትር፣ ከሣር ሜዳ እንዲነሣ የፈቀደው ማን ነው? አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ አልነበረምን? የመንደርደሪያው ግማሽ ላይ ሲደርሱ የመነሻ ፍጥነቱን 70 በመቶ ካላገኙ ማቆም የቆየ ደንብ ነው። ያን ለተማሪ መንገር የማን ሥራ ነው? በዚህ በጣም ነው የተናደድሁት። ልጁን ስለ ሠንጠረዡ ጠይቂው፤ በአውሮፕላኗ መመሪያ ውስጥ አለ። ከፍታ፣ ሙቀትና ክብደት አስገብቶ የሚያስፈልገውን ርዝመት ያወጣል።

የሐይቅ ዳር እህት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታውኑ ደወልሁለት። ሠንጠረዡን ለፈተና ተምሮታል፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አላወጣውም። ስልኩን ሳይዘጋ መጽሐፉን ከፍቶ አሰላው። ቁጥሩ ከሜዳው ርዝመት በለጠ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ «ይህን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ እወስደዋለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ከአደጋው ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ነበር።

ለእናታችን ስለ ባቄላው ነገርኋት። አዳምጣ ስታበቃ «ታዲያ በጠዋት፣ አየሩ ሳይሞቅ አይነሡም?» አለችኝ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦
እናታችሁ ልክ ናቸው። ጠዋት ነው የሚነሣው። ሰላም በሉልኝ።