«መሬት ላራሹ» ሲባል «ለ» ምን ሰጠ?

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር አንድ አባት «መሬት ላራሹ ለኛ ብዙም ትርጉም አልነበረውም» ሲሉ ሰማሁ። ገረመኝ። ተማሪዎቹ በ1957 ይዘውት የወጡት መፈክር ግልጽ አማርኛ ነው። መሬት ለሚያርሰው፤ አለቀ።

ጋሼ ሰዋስው፦ ኧረ አላለቀም! አራሹ ማን ነው? ደቡብ ላይ አራሽ ሲባል ጭሰኛ ነበር። የሰው መሬት ያርሳል፤ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። የኛ የጎንደር ገበሬ ግን በአብዛኛው ባለርስት ነበር፤ አባት ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። እሱን «መሬት ላራሹ» ብትለው «የኔኑ ለኔው?» ቢልህ አይፈረድበትም።

አዲስ ዓለም፦ ጋሼ፣ «በአብዛኛው» ያሏትን ጠበቅ ያድርጓት። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ በብዙ ቦታ ርስት አይፈቀድለትም ነበር። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ የሆነው ወዶ ብቻ መሰልዎት? ከባለርስቱ ተጠግቶ ያርስ ለነበረ ሰው መፈክሩ ትርጉም ነበረው።

ጋሼ ሰዋስው፦ እሱስ እውነት ነው የኔ ልጅ። «ለ»ን እንያት እስቲ። ተቀባዩን ትነግርሃለች፣ ምን ዓይነት መብት እንደተሰጠው ግን አትነግርህም። ርስት አድርጎ ይያዘው? ወይስ እያረሰ ይብላበት ብቻ? መፈክሩ ዝም ይላል። ዝም ስላለም ሁሉም የየራሱን ተስፋ ይዞ አብሮ ጮኸበት። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ባወጀው አዋጅ ቁጥር 31 መልሱን እሱ ሞላው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ ቀረ። ጭሰኛው ከባለመሬቱ ተላቀቀ፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ባለርስቱ ግን ርስቱ ይዞታ ብቻ ሆነበት። ሁለቱም በአንድ መፈክር!

የማራኪ ልጅ፦ የዛሬው «የልማት ተነሺ»ስ?

አዲስ ዓለም፦ እሱማ ባሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ አርሶ አደሩ ከመሬቱ «ያለመነቀል» መብት አለው። መንቀል ካለ ነቃይ አለ፤ ማን ነቀለው ብለህ ትጠይቃለህ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ መሬቱን የሚለቀውን «ተነሺዎች» ይላል። ቃሉ ከ«ተነሣ» ነው። ሰውየው ነጠላውን አራግፎ በራሱ ጊዜ ብድግ ያለ ነው የሚመስለው። አስነሺው የለም። ለኔ ትልቁ ለውጥ ጥያቄው ላይ ነው፤ «ለምን ልነሣ?» ቀርቶ ወሬው ሁሉ «ካሳው ስንት ነው?» ሆኗል።

ጋሼ ሰዋስው፦ ካሳው ራሱ መብት ነው፣ አታቃልይው። አዋጁ መልሶ ማቋቋምንም ስሙ ላይ ጽፏል።

አዲስ ዓለም፦ አላቃለልኩም ጋሼ። ግን እኛ ሰፈር «ተነሺ ነኝ» የሚል አልሰማሁም። «አስነሡኝ» ነው የሚሉት።