«አንዴ ይዞኝ ድኛለሁ፣ ክትባት ምን ያደርግልኛል?» ለሚል ወንድም ምን ትመልሳላችሁ?

የሆጤዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ ኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። በ2013 ኮሮና ይዞት ነበር፣ ተመርምሮ ነው የምላችሁ፣ በግምት አይደለም። ማሽተት አቅቶት ከረመ። ቤት ተኝቶ ፌጦውንም ዝንጅብሉንም በማር እየወሰደ፣ ባህር ዛፍ እየታጠነ ተነሳ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ክትባት የሚባል አጠገቡ አልደረሰም። እሱስ ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ለራሱ ያውቃል። አሁን ግን ልጁ 9 ወር ሞላውና የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ለኩፍኝ ክትባት አምጡት» ብላ ሄደች። ወንድሜ አይሄድም አለ። «እኛ ኩፍኝ ወጥቶብን አይደል ያደግነው? ይውጣበትና ይጠንክር፣ እኔ ኮሮናን ያሸነፍኩት በራሴ ደም ነው» ይላል። ሚስቱ ዝም ብላለች። እናቴ ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳዋለች፣ አቦሉ ሳያልቅ ጭቅጭቅ ነው።

እኔ ልመልስለት ስሞክር ሦስት ነገር ላይ ያቆመኛል። አንደኛ፣ ተይዞ የዳነ ሰው የራሱ መከላከያ እንዳለው እያወቁ ደበቁን ይላል። ሁለተኛ፣ አስትራዜኔካ የሚባለውን የኮሮና ክትባት ራሳቸው ከገበያ አወጡት፣ ደህና ቢሆን ያወጡት ነበር ወይ ይላል። ሦስተኛ፣ አይቨርመክቲን የሚባለውን መድኃኒት ለኮሮና እንዳንወስደው ያፈኑት ርካሽ ስለሆነ ነው ይላል።

እባካችሁ «ስላልተማረ ነው» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ከእኔ በላይ ያነባል፣ የሚያነበው ቴሌግራም ላይ ቢሆንም።

ቦርከና
ነርስ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። እህቴ፣ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ወንድምሽ አብዛኛው ልክ ነው። ልክ ነህ በዪው፣ ጆሮውን የሚሰጥሽ ያኔ ነው።

ተይዞ መዳን መከላከያ ይሰጣል። እዚሁ አገራችን፣ ጅማና አዲስ አበባ ላይ የጤና ባለሙያዎች ደም ሲመረመር፣ ክትባቱ ሊጀመር ሰሞን በ2013 አጋማሽ፣ ከግማሽ በላዩ ቫይረሱ ያለፈበት ሆኖ ተገኝቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዴልታ የሚባለው የኮሮና ዝርያ በነበረበት ጊዜ ቀድመው ተይዘው የዳኑት ሰዎች ክትባት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ያነሰ ነው የተያዙት። ይህንን በጥር 2014 ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ራሱ ነው። ስለዚህ ደበቁን የሚለው አያስኬድም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት ቢል ግን እስማማለሁ። አውሮፓ ህብረት እንኳ ለጉዞ በሚሰጠው የኮቪድ ሰርተፍኬት ላይ ተይዞ የዳነን ሰው ለ180 ቀን ይቀበል ነበር።

ጥያቄው ያ መከላከያ በምን ተገዛ ነው። ለሹፌር እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ ፍሬን በሌለው መኪና ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ በሰላም የገባ ሰው በእርግጥ ልምድ አግኝቷል፣ ግን ልጁን መንዳት የሚያስተምረው በዚያ መኪና ነው? «በራሴ ደም አሸነፍኩ» የሚሉን የዳኑት ብቻ ናቸው። ያልዳኑት አይከራከሩም። በአገራችን በይፋ የተመዘገበው የኮሮና ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው፣ ሳይመረመር ቤቱ የሞተው ሳይቆጠር።

ደግሞ በህዳር 2014 ኦሚክሮን የሚባለው ዝርያ መጣና ሁለቱንም ወገን አሳፈረ። ቀድሞ የተያዘውንም የተከተበውንም እንደገና ያዘ። ሁለቱም ላይ የቀረው ጥቅም ሕመሙ እንዳይጠና ማድረጉ ነው፣ እሱ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ አገር ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ተይዞ የዳነ ሰው ከ10 ወር በኋላም ሆስፒታል ከመግባትና ከመሞት 88 በመቶ ያህል የተጠበቀ ነበር። አየሽ፣ ለወንድምሽ የሚያደላ ቁጥር ነው፣ እኔ ግን አልደብቀውም።

አሁን ወደ ልጁ። ኮሮናና ኩፍኝ አይገናኙም! ኩፍኝ የወጣበት ሰው ዕድሜ ልኩን አይዘውም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ኩፍኝ ሲወጣ ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ሆላንድ ውስጥ ያልተከተቡ ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸው ሲታይ፣ ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው የመከላከያ ክምችት ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኝቷል። «ይውጣበትና ይጠንክር» የሚለው በቀጥታ ተገልብጦ ነው ያለው። ልጁ ኩፍኙን ተርፎ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሊሄድ ይችላል፣ እኛ ጤና ጣቢያ የምናየውም ይህንኑ ነው። ደሙ ሁሉንም ይማራል የሚል ከሆነ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ጠይቂው። መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የዳነ ሰው ምንም መከላከያ አይተርፈውም፣ ከዳነ በኋላም መከተብ አለበት።

ጦሳ ስር
ሁላችሁም ወንድሟን ለመርታት ስትሯሯጡ ነው የማየው። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ፣ ቢያንስ በኮሮናው።

ሲስተር፣ አውሮፓ 180 ቀን ተቀበለ አልሽ። አሜሪካስ? ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት 2015 ድረስ የውጭ ዜጋ በአውሮፕላን ሊገባ ሲል የክትባት ወረቀት ነበር የሚጠየቀው፣ ተይዤ ድኛለሁ ማለት አያስገባም ነበር። አንቺ የጠቀስሽው ጥናት በጥር 2014 በእጃቸው ወጥቶ፣ ደንቡ ከዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። ይሄንን ያየ ሰው ቢጠራጠር ምን ይፈረድበታል? «ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ» ብለሽ በአንድ ቃል አታሳልፊው።

እዚህ አገርስ? መጋቢት 2012 ላይ፣ የመጀመሪያው ሰው ከተገኘ ገና ብዙም ሳይቆይ፣ ከአገር በቀል ዕውቀት የተሠራ መድኃኒት የላብራቶሪ ምዕራፉን አለፈ ብሎ የነገረን መንግሥት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሰምተን ደስ አለን። ከዚያ ጭጭ። ከዚያ ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የገዛው ሕዝብ ተሳቀበት። ማዳጋስካር በአርቲሚዝያ የተሠራ መጠጥ በፕሬዚዳንቷ ስታስተዋውቅም እንዲሁ። መጀመሪያ ተስፋ የሰጡን እነሱ፣ የተሳቀብን እኛ።

በዚያ ላይ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ሆስፒታሎቻችን ሲዘረፉ፣ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን አጥቶ ሲንከራተት የኮሮናን ስም የጠራ አልነበረም። ከዚያ ተመልሰው ማይክ ይዘው ተከተቡ ሲሉን የሰፈሬ ሰው በሩን የዘጋው መርፌ ፈርቶ አይመስለኝም።

ያልተማረ እንዳትሉ ያለችው እህት ልክ ነች። ይኸው ነው።

የፒያሳ ፋርማሲ
ጦሳ ስር፣ የመጨረሻውን አንቀጽህን እፈርማለሁ። ስለ መድኃኒቱ ግን ልመልስ፣ እንጀራዬ ስለሆነ።

አይቨርመክቲን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርኪያሲስ ለመከላከል በአገራችን በብዙ ወረዳ በነፃ ይታደላል። ለኮሮና ግን ተሞከረ፣ ሳይሞከር አይደለም የቀረው። ብራዚል ውስጥ ከ1,300 በላይ ታማሚ ላይ፣ ግማሹ መድኃኒቱን ግማሹ ባዶ ክኒን እየወሰደ፣ ማን ምን እንደወሰደ ሳይታወቅ ታየ፣ ውጤቱ በመጋቢት 2014 ወጣ። ሆስፒታል መግባትን አልቀነሰም። ሃይድሮክሲክሎሮኪንም፣ ያ እኛ ሱቅ ሰው በፍሬ የሚለምነን አዚትሮማይሲንም እንግሊዝ ውስጥ በትልቁ ተሞክረው ወደቁ።

«ርካሽ ስለሆነ አፈኑት» ለሚለው መልሱ ዴክሳሜታዞን ነው። ከዚህ በላይ ርካሽ መድኃኒት የት አለ? የድሮ ነው፣ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፣ ብቻውን የያዘው ኩባንያ የለም። ያው የእንግሊዙ ሙከራ በሰኔ 2012 መሣሪያ ላይ ሆነው በሚተነፍሱት ላይ ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን በሚወስዱት ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ብሎ አወጀ። ዓለም በሙሉ በዚያው ሰሞን መጠቀም ጀመረ፣ አገራችንንም ጨምሮ። ርካሽ የሚታፈን ቢሆን እሱ ነበር መጀመሪያ የሚታፈነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይያዝልኝ። ያው ሙከራ ኦክስጅን ያላስፈለገው ሰው ዴክሳ ቢወስድ ምንም እንደማይጠቅመው፣ እንዲያውም ሊጎዳው እንደሚችል አሳይቷል። ይሄኛው ግማሹ ወሬ ፒያሳ አልደረሰም። ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ዴክሳ ስጠኝ» ነበር፣ ስኳር ያለበትን ጨምሮ፣ እሱን ደግሞ ስኳሩን ሰማይ ያወጣበታል። ስንቱን ስንመልስ እንደ ክፉ ሰው ታይተናል።

አስትራዜኔካን በተመለከተ። በጣም አልፎ አልፎ የደም መርጋት ያመጣ ነበር፣ ይሄ ተረጋግጧል። እንግሊዝ ከ20 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ሰጥታ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ 79 ሰው ላይ አገኘች፣ ከነሱ 19ኙ ሞቱ። ከዚያ ለወጣቶች ሌላ ክትባት ይሰጥ አሉ፣ ምክንያቱም ወጣቱን ኮሮና ራሱ የሚገድለው ጥቂት ስለሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። ለ70 ዓመት ሽማግሌ ግን ያው ክትባት ከበሽታው በብዙ ይሻል ነበር። በ2016 ኩባንያው ከአውሮፓ ገበያ ሲያወጣው የሰጠው ምክንያት ገዢ ማጣቱን ነው፣ ለአዲሶቹ ዝርያዎች የተሻሻሉ ክትባቶች ገበያውን ይዘውት ነበር። ወንድምሽ የደም መርጋቱን ሲያነሳ አታስተባብዪ፣ እውነት ነውና። ዕድሜውን ጠይቂውና አብራችሁ አስቡት።

ጋሼ ሐርቡ
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እያወራሁ። ከናንተ ሁሉ በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም።

ኩፍኝ ይውጣበት የሚለውን ስሰማ ፈንጣጣ ትዝ አለኝ። ያኔ ክትባቱ ገጠር ሳይደርስ፣ ከታመመ ሰው ቁስል ቅርፊት ወስደው ጤነኛውን ክንዱን ቧጭረው የሚያስገቡ አዋቂዎች ነበሩ። ቀለል ብሎ ይውጣበትና ይገላገል ነው ሐሳቡ። ለብዙው ይሠራ ነበር። ግን ካንዳንዱ ላይ ሙሉ ፈንጣጣ ሆኖ ይወጣና እሱንም ይወስደዋል፣ ከሱ ተነስቶም መንደሩን ያዳርሳል። አባቶቻችን ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም፣ የተሻለ ስላልነበራቸው ነው። በ1963 ከታቾቹ በእግርም በበቅሎም መዞር ሲጀምሩ ሸሽቶ ጫካ የገባም ነበር፣ ዱላ የመዘዘም ነበር። ሆኖም በ1968 ከአገራችን ጠፋ፣ በ1972 ከዓለም ጠፋ ተባለ።

የዛሬ ልጆች ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ። ሚኒባሱን አውቀው ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ይንዳ።

የሆጤዋ
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት፣ እነግረዋለሁ።

ሁሉንም አነበብኩለት፣ ስልኩን ቀምቶኝ ራሱም አነበበው። ዴክሳሜታዞኑ ላይ ዝም አለ። አስትራዜኔካው ላይ «በሉ ይሄን መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለው ቢነግሩን» አለ። የሐረጎው ነገር አላሳቀውም፣ «ነርሷ ሹፌር አታውቅም» ነው ያለው። የኩፍኙን የሆላንድ ጥናት ግን ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ እያለ። ይህንን እኔ አላውቅም። አሁን «ልጁ ሳል አለበት፣ ሳሉ ይልቀቀው» ብሎ ሌላ ምክንያት ይዟል። እውነቱን ነው ወይስ ማምለጫ ነው?

ጦሳ ስር
ለኩፍኙ ይውሰደው በይው፣ እኔም ልጆቼን አስከትቤያለሁ። አንድ ክትባት ላይ ጥያቄ ማንሳት ሁሉንም መጣል አይደለም። በኮሮናው ግን ንቅንቅ አልልም፣ ድኜ ለዳንኩበት ነገር ወረቀት የሚጠይቀኝ ሰው አልፈልግም።

ቦርከና
የውጭዎቹ አገሮች ሕጎች ላይ አብረን እንነጫነጫለን ጦሳ ስር፣ አብሽር።

እህቴ፣ ልጆቹ አብዛኞቹ ለትምህርት የደረሱ ነበሩ። ቀላል ሳልና ጉንፋን ክትባት አያስቀርም፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ወይም መተንፈስ ከከበደው ግን ለሕክምናው ራሱ ይምጣ። ከመሄዳችሁ በፊት የኩፍኝ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው፣ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ ስለዚህ በየቀኑ አንከፍተውም፣ ሰው ያለ ቀኑ መጥቶ «ነገ ና» ሲባል ነው ተናዶ የሚቀረው። ካርዱን ያዙ። ሁለተኛው ዶዝ በ15 ወሩ ነው፣ እሱንም እንዳትረሱት፣ አንዱ ብቻውን የማይዝላቸው ልጆች አሉ። ከሳምንት በኋላ ትንሽ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ይጠፋል። ወንድምሽም አብሮ ይምጣ፣ ጥያቄውን ለከታቢዋ በቀጥታ ይጠይቃት።