የእንጨት በረንዳ ምን ልቀባው? (ሐዋሳ) ጥቆማ

ሚሚ ከአቶቴ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ግቢ ውስጥ ያለው በረንዳችን ወለሉ ጣውላ ነው፣ ጣሪያ የለውም። ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት አመድ መስሏል። ቫርኒሽ ይሻላል ወይስ ዘይት? የት ይገኛል? የሚቀባ ሰውም ጠቁሙኝ።

ታቦር ስር፦ ፒያሳ ጋሼ ጋ ሂጂ። ቤቴን በሙሉ በሳቸው ቀለም ነው ያስቀባሁት።

ሚሚ ከአቶቴ፦ የውጭ እንጨት ቫርኒሽ አላቸው?

ታቦር ስር፦ እሱን አላውቅም። ግን ጋሼ አይዋሹም።

ፊሌቶ፦ ባለሙያ ከማስገባትሽ በፊት የኔን ስሚ። ቀብድ ሰጠሁት። መጣ፣ አንዱን ጎን ቀባ፣ «ቲነር አልቋል፣ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። የቀባውን ሌሊት ዝናብ መታው፣ ጠዋት ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ውሻችን የረገጠበት ምልክት እስካሁን አለ።

እማማ ቡና፦ ውይ የኔ እህት! የኔም ኮርኒስ ሠሪ እንደዚሁ አደረገኝ።

ጉሬዛ፦ አንድ ሰው እንዳይሆን? ረዘም ያለ፣ ሞተር የሚነዳ?

ፊሌቶ፦ አዎ ሞተር! ሞተር አለው!

ዝም አይነቅዝም፦ ምርመራው ሲያልቅ ስለ እንጨቱም ጣል ታደርጋላችሁ።

ጉሬዛ፦ ነቅለሽ ሴራሚክ አስነጥፊና ተገላገይ።

እማማ ቡና፦ ጋራዥ ሄደሽ የተቃጠለ ዘይት ለምኚ ልጄ። አጥራችንን እሱን ነው የምንቀባው።

መጋዝ፦ የተቃጠለ ዘይት በረንዳ ላይ አይሆንም እማማ። ቶሎ አይደርቅም፣ የተቀመጠበት ሁሉ ልብሱ ይጠቁራል። ሚሚ፣ ቫርኒሽ ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። ጣሪያ ከሌለ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከዚያ ይላጣል። ያኔ ሙሉውን ፍቀሽ ነው እንደ አዲስ የምትጀምሪው። ለውጭ እንጨት ተብሎ የተሠራ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ይሻላል። ቶሎ ቶሎ ይደገማል እንጂ አይላጥም። ቀለም ያለበትን ምረጪ፣ ፀሐዩን የሚመክተው ቀለሙ ነው። መጀመሪያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው። ከዚያ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ከመጠጠው፣ ሲደርቅ ቀቢ። ላዩ ላይ ከቆመ የድሮው ቅብ አልለቀቀም ማለት ነው። የጣውላዎቹን ጫፍ እንዳትረሺ፣ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው። ክረምቱን አሳልፊውና ከኅዳር በኋላ ሥሪው። የተልባ ዘይት ከተጠቀምሽ ደግሞ ጨርቁን ጠቅልለሽ አትጣይ። በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

ታቦር ስር፦ ይሄ ሁሉ ጋሼ ጋ አለ።

ዝም አይነቅዝም፦ አለ ወይስ አይዋሹም?

እማማ ቡና፦ የአባ ኮዳ ኩስስ? አሞራ ገደል አካባቢ ያለች እህቴ በረንዳዋን ጨረሰባት።

መጋዝ፦ ሳይደርቅ በውሃ ማጠብ ነው።

ሚሚ ከአቶቴ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ።

ታቦር ስር፦ ጋሼ ጋ ሄድሽ?

ጉሬዛ፦ ሴራሚክ ካሰብሽ ጎበዝ ልጅ አለ። ቀብድ አይጠይቅም።

ፊሌቶ፦ ቁጥሩን በውስጥ ላክልኝ።