የሐብስበርግ (የኦስትሪያ ነገሥታት ቤት) መኳንንት መኮንኖች በዕዳ የሚኖሩት ለምን ነበር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኦስትሪያው ፊልድ ማርሻል ስለ ግራፍ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ዮሴፍ ራዴትስኪ ሳነብ ያልገባኝ ነገር አለ። በ1766 (እ.ኤ.አ.) ቦሄሚያ (በዛሬዋ ቼክ) ውስጥ ከመኳንንት ቤት የተወለደ፣ ከ70 ዓመት በላይ አምስት ነገሥታትን ያገለገለ፣ በ1849 ሰሜን ጣሊያን፣ ኖቫራ ላይ በ82 ዓመቱ የጣሊያኑን የፒዬሞንት መንግሥት ጦር ድል ያደረገ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዕዳ አለመውጣቱ እንዴት ነው? ቁማርተኛ ነበር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በቅድሚያ ማዕረግንና ሀብትን መለየት ይገባል። ራዴትስኪ በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በአያቱ እጅ ያደገ ሲሆን፣ በ1784 ዕጩ መኮንን ሆኖ ወደ ከባድ ፈረሰኛ ጦር ሲገባ ከርስት ይልቅ የያዘው ስሙን ነበር። ፈረሰኛ መኮንን ደግሞ ደሞዙ ኪሱ ሳይደርስ ያልቃል፤ ፈረስ፣ ኮርቻ፣ የክት ልብስ፣ የአሽከር ቀለብ፣ ከዚያም ለእንግዳ የማይታጠፍ ማዕድ። ግራፍ ተብሎ እየተጠራ እንደ ድሃ መኖር ነውር ስለሆነ ጉድለቱ በብድር ይሞላል። በዚህ ላይ ራዴትስኪ ስምንት ልጆች ወልዷል፤ ቤተሰቡም በቁጠባ የሚታማ አልነበረም።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። መኮንን ለማግባት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የጋብቻ ዋስትና ገንዘብ ማስያዝም ነበረበት፤ ከተያዘው ገንዘብ የሚገኘው ወለድ ቤተሰቡን፣ ባልየው ከሞተም መበለቲቱን እንዲደግፍ ታስቦ ነው። መቶ አለቃ ይህን ከደሞዙ አጠራቅሞ ሊያሟላ ስለማይችል፣ ወይ ሀብታም አማች ይፈልጋል ወይ ጠጉሩ እስኪሸብት ላጤ ሆኖ ይኖራል። (ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ በማዕረግ የሚቀራረቡ መኮንኖች አንዱ ግራፍ ሌላው የጸሐፊ ልጅ ቢሆንም «አንተ» ይባባሉ እንደነበር ሳነብ ገርሞኛል፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ስንት ቅያሜ ባመጣ ነበር።)

መልስ 3፦
ስሙ ፊት «ፎን» (በጀርመንኛ የመኳንንት ስም ምልክት) ያለበትን መኮንን ሁሉ የጥንት ባላባት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በማሪያ ቴሬዛ ዘመን፣ በ1757 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ሠላሳ ዓመት በመልካም ያገለገለ መኮንን የመኳንንትነት ማዕረግ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ከማዕረጉ ጋር ግን ጋሻ መሬት እንኳ አይሰጠውም። ስለዚህ በዘመናት ውስጥ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር በደሞዝ ብቻ የሚዞር «ባላባት» እየበዛ ሄደ።

ጥያቄው የተነሣበትን ሰው ግን አንርሳ። የራዴትስኪን ዕዳ የከፈለው ፓርግፍሪደር የተባለ፣ ለጦሩ ዕቃ በማቅረብ የከበረ ነጋዴ ነው። ውለታው በነጻ አልነበረም፤ ማርሻሉ ሲሞት አስከሬኑ በነጋዴው ይዞታ እንዲቀበር ቃል ገባ። በጥር 1858 ሚላኖ ላይ ሲያርፍ ቃሉ ተፈጸመ፤ ዛሬም መቃብሩ በታችኛው ኦስትሪያ፣ ሄልደንበርግ በሚባለው ስፍራ፣ ፓርግፍሪደር ካቆማቸው የጀግኖች ሐውልቶች መካከል ይገኛል። ነጋዴውም በኋላ እዚያው ከማርሻሉ ጋር ተቀበረ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁማር ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ሰውየው አስከሬኑን ሳይቀር አስይዟል።