የሶሲዮሎጂ መሥራቾችን ለጀማሪ ተማሪዎች እንዴት እናስተምር? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መግቢያ አስተምራለሁ። አሁን የደረስኩት ክላሲካል ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው፦ ኮምት፣ ማርክስ፣ ዱርኬም፣ ዌበር። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከመርሐቤቴና ከይፋት የመጡ ናቸው። የልደትና የሞት ዘመን ሳይቀር በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ «ዱርኬምን ያሳሰበው ነገር ምን ነበር?» ስላቸው ግን መልስ የለም። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑም አልረዳቸውም። ከማን ልጀምር? ከአካባቢያችን የሚሆን ምሳሌስ ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ከሰዎቹ አትጀምሪ፤ ካስጨነቃቸው ነገር ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1789 በተነሣው አብዮት በፈረንሳይ የንጉሡም የቤተ ክርስቲያኑም ሥልጣን ተናጋ። በእንግሊዝ ደግሞ ፋብሪካው የገጠሩን ሰው ወደ ከተማ ይስበው ጀመር። የቆየው ሥርዓት ሲፈርስ ሰውን ከሰው ጋር አያይዞ የሚያኖረው ምንድን ነው? ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ኮምት «ሶሲዮሎጂ» የሚለውን ስም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የሰው ልጅ አስተሳሰብ ከሃይማኖታዊ ወደ ፍልስፍናዊ፣ ከዚያም ወደ ሳይንሳዊ ደረጃ ይሸጋገራል ይል ነበር። ይህን ነግረሽ እለፊው፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አይገባውም።

ጊዜሽን ለሦስቱ ስጪ። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ በቂ ማስተማሪያ ናት። ትናንት ገብስ ያጭድ የነበረ ወጣት ዛሬ በፈረቃ ይገባል፣ በፈረቃ ይወጣል። ማርክስ ማሽኑ የማን እንደሆነና ከምርቱ ላይ ለሠራተኛው የሚደርሰው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ዱርኬም እያንዳንዱ ለየብቻው ሲሠራ ሁሉን የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ፣ ዌበር ደግሞ ወጣቱ አለቃውን ለምን እንደሚታዘዝና ለሥራው ምን ትርጉም እንደሚሰጥ። አንድ ወጣት፣ ሦስት ጠያቂ። ዘመናቸውን ቆይተው ይይዙታል።

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

እኔ የመንዝን የጋራ የሣር ምድር፣ ጓሳን፣ እጨምራለሁ። ለዘመናት የጓሳው ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በስምምነት ሲከፈት ብቻ ይታጨድ ነበር። የመጠቀም መብቱ ከቀደምት አባቶች በትውልድ የሚቆጠር አጽመ ርስት ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው።

ዱርኬም «ማኅበራዊ ሐቅ» የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላየሁም፦ ደንቡን አንድ ሰው ብቻውን አላወጣውም፣ ግን እያንዳንዱን ያስገድዳል። ለዌበርም «አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ» ብሎ መታዘዝና በመንግሥት አዋጅ መታዘዝ ጎን ለጎን ይታያሉ። ማርክስን ለማምጣት ደግሞ የዘር ሐረጉ የማይደርሰው ሰው የት ያሰማራ እንደነበር ጠይቂያቸው። ስለ ጓሳ ሲወራ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት

ለዱርኬም ሜካኒካዊ ትስስር ደቦና ወንፈል ይበቃሉ። ሁሉም ያውቋቸዋል።

መልስ፦ የንድፈ ሐሳብ ወዳጅ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈው ስለ መረዳዳት ብቻ አይደለም። ሜካኒካዊ ያለው ትስስር በመመሳሰል ላይ የቆመ ነው፤ ኦርጋኒካዊ ያለው ሰዎች በሥራ ተለያይተው አንዱ ያለ ሌላው መኖር ሲያቅተው ነው። መለያው ሕጉ ነው፦ በመጀመሪያው ጥፋተኛውን መቅጣት ያይላል፣ በሁለተኛው የተጎዳውን መካስ። ወንፈልን ተመልከቱት፤ ዛሬ የሠራሁልህን ቀን ነገ ትመልስልኛለህ የሚል ሒሳብ አለበት፣ ለውል ይቀርባል። ደቦ ደግሞ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራው ነው። ተማሪው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ሜካኒካዊ» ብሎ ከጻፈ ምሳሌውን እንጂ ሐሳቡን አልያዘም።

በ1897 ስለ ራስን ማጥፋት ያሳተመውን ጥናት ስታነሺ ጥንቃቄ አድርጊ፤ ክፍል ውስጥ ሐዘን ያለበት ሊኖር ይችላል። የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ራስን የማጥፋት መጠን ማነጻጸሩ ላይ አተኩሪ፣ የግለሰብ ታሪክ አታስነሺ።

መልስ፦ አንባቢ ከአንኮበር

አራት የአውሮፓ ወንዶች ብቻ መሆናቸውም ይነገራቸው። የኮምትን ሥራ በ1853 አሳጥራ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሃሪየት ማርቲኖ ራሷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ነበረች። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1899 የፊላደልፊያን ጥቁሮች ኑሮ ቤት ለቤት እየሄደ አጥንቶ አሳትሟል። የሰሜን አፍሪካው ምሁር ኢብን ኻልዱን ደግሞ በ1377 ለታሪክ ሥራው በጻፈው መግቢያ የጎሳ አንድነት፣ «አሰቢያ» ያለው፣ መንግሥትን እንዴት እንደሚያነሣና ሲላላ እንዴት እንደሚጥለው ተንትኗል። በዚያው የታሪክ ሥራው የይፋትን ገዥዎች፣ ወላስማዎችን፣ ስለሚያነሣ የይፋት ልጆች ጆሯቸውን ይሰጡሻል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማርክስ ስል «የደርጉ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ፈተናውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ማርክስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ በስሙ የተደረገውንና እርሱ የጻፈውን ለያይተሽ አስቀምጪ። የዚያ ዘመን የውይይት ክበብ አንድ ነገር ትቶልናል፦ መደብ፣ ወዝ አደር፣ ትርፍ እሴት የሚሉት ቃላት በአማርኛ ተዘጋጅተው ይጠብቁሻል። ትርፍ እሴትን በሰሌዳ ላይ በቁጥር አሳዪ። ሠራተኛው የደመወዙን ያህል ዋጋ በ4 ሰዓት ቢፈጥርና 8 ሰዓት ቢሠራ፣ የቀሪው 4 ሰዓት ውጤት የማን ነው? ክርክሩን ለእነርሱ ተዪው፤ የማይስማማም ይስማማም፣ ነጥቡን ግን ያስረዳ።

ለፈተና ዘመን አትጠይቂ። ስለ ሥራ፣ ስለ መሬት ወይም ስለ ዕድር አጭር አንቀጽ ጻፊና ከአሳቢዎቹ ሁለቱን ራሳቸው ይምረጡ፤ እያንዳንዱ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚያመልጠው ይጻፉ። የሚያመልጠውን የጻፈ ተማሪ ገብቶታል። በአማርኛ እንዲመልሱ ኮሌጁ ከፈቀደልሽ ደግሞ ፍቀጂላቸው።