በሌዘር የተበሳው የአይሪስ (የዓይን ባለቀለም ክፍል) ቀዳዳ መልሶ እየጠበበ ነው፤ ምን ይሻላል?

የዓይን ሐኪሞች፣ እስቲ አግዙኝ። ታካሚው ጠባብ አንግል (በአይሪስና በኮርኒያ መካከል ያለው፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን)፣ ወፍራም ጥቁር ቡናማ አይሪስ ያለው ነው። ፓይሎካርፒን 2% (ብሌን አጥባቢ ጠብታ) እና ብሪሞኒዲን (ግፊት ቀናሽ ጠብታ) ተጨምሮ፣ በአብርሃም ሌንስ (ዓይን ላይ የሚያርፍ፣ ሌዘሩን የሚያነጣጥር ሌንስ)፣ በያግ ሌዘር በ5 ሚሊጁል 14 ምት ተሰጠ። ቀለሙ እንደ ጭስ ተነነ፤ ትንሽ ደምም ነበር (ሌንሱን ጫን አድርጎ መያዝ አቆመው)። የዓይን ግፊቱ በ1 ሰዓት ውስጥ ከ19 ወደ 33 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወጣ፣ በአሴታዞላማይድ (ግፊት ቀናሽ መድኃኒት) ወረደ። የተበተነው ቀለምና ፍርስራሽ የፈሳሹን መውጫ ወንፊት ስለሚደፍን ይሄ አላስገረመኝም።

የቸገረኝ ሌላ ነው። በ3ኛው ሳምንት ቀዳዳው ጠቧል፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ግን በውስጡ የዓይኑ የራሱ ሌንስ የፊት ሽፋን አይታይም። ብርሃን ማለፉ ብቻውን መከፈቱን አያረጋግጥም። ፕሬድኒሶሎን 1% (ብግነት የሚቀንስ ስቴሮይድ ጠብታ) በቀን 4 ጊዜ የተሰጠው ለ5 ቀን ነው፤ አጥሮ ይሆን?

አሁን ያንኑ ቀዳዳ በያግ፣ ዝቅ ባለ ኃይል ላስፋው፣ ወይስ በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ዙሪያውን አሳስቼ በያግ ልጨርስ? በአረንጓዴው የምትጀምሩ፣ ኃይሉን፣ የነጥቡን ስፋትና የምቱን ቆይታ ብትጽፉልኝ። ሁለተኛው ዓይን ገና አልተነካም።

ቀዳዳው በደንብ ተከፍቶም በጎኒዮስኮፒ (አንግሉን በልዩ ሌንስ ማየት) አንግሉ ካልሰፋ ወደ ፕላቶ አይሪስ (የአይሪሱ ሥር ወደ ፊት ተገፍቶ፣ ቀዳዳ ቢኖርም አንግሉን የሚያጠብበት ሁኔታ) ነው የማስበው። ከዚያ በፊት ሌላ የምትፈትሹት ነገር አለ?